በሾተላይ መርፌ የገባው ቫይረስ

ሾተላይ ያላንኳኳው ሰፈር የለም። የመጀመሪያው ልጅ በደህና ይወለዳል፤ ሁለተኛው ማህፀን ውስጥ ይቀራል ወይም በተወለደ በቀናት ውስጥ ሰውነቱ ቢጫ ሆኖ ይሞታል፤ ሦስተኛውም አይተርፍም። እናት ጠበል ትጠመቃለች፣ ክታብ ታስራለች፤ ለተረፈላት ልጅ ሞት እንዳያየው ብላ የማይወደድ ስም ታወጣለታለች። ዛሬ ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ የምትሄድ ሴት ግን ሾተላይ የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የደም አለመስማማት መሆኑን ትሰማለች። እናቲቱ አር ኤች ኔጌቲቭ፣ ጽንሱ ደግሞ እንደ አባቱ አር ኤች ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በወሊድ ጊዜ ከልጁ ደም ጥቂት ወደ እሷ ይገባል። ሰውነቷ ያንን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ አንቲቦዲ ያመርትበታል። የሚቀጥለው ጽንስ ሲመጣ አንቲቦዲው በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ የጽንሱን ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈጃል።

መድኃኒቱ የተገኘው በ1960ዎቹ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሊቨርፑልና በኒውዮርክ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ያንኑ አንቲቦዲ ከሌላ ሰው ወስደው እናቲቱን በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ቢወጓት፣ የገባው የልጅ ደም የእሷ ሰውነት ሳያውቀው ተጠርጎ እንደሚጠፋ አሳዩ። ስሙ አንቲ ዲ ነው፤ እኛ ዘንድ ብዙው ሰው የሾተላይ መርፌ ይለዋል። ያተረፈው ሕፃን ብዛት ተነግሮ አያልቅም። ነገር ግን ይህ መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ከኬሚካል የሚቀመም አይደለም፤ ከሰው ደም ፕላዝማ የሚወጣ ነው። አንቲቦዲው ያለው ሰው ደግሞ ያኔ ብዙ ጊዜ ሾተላይ ራሱ ያገኛት፣ ልጅ የሞተባት ሴት ነበረች።

የዚህ ታሪክ ቦታ አየርላንድ ነው። በአየርላንድ ከመቶ ሰው 15 ያህሉ አር ኤች ኔጌቲቭ ስለሆነ መርፌው በየማዋለጃው የተለመደ ነበር። የሀገሪቱ የደም አገልግሎት ቦርድ ከ1970 ጀምሮ ራሱ እያመረተ ያከፋፍለው ነበር።

በ1976 ደብሊን ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ትታከማለች። ደሟ ውስጥ ያለው አንቲቦዲ እጅግ ስለበዛ ጽንሱ እንዳይጎዳ ፕላዝማዋ እየተቀየረላት ነው። ደሟ በቱቦ ወደ ማሽን ይወጣል፤ ቀዩ ሕዋስ ተለይቶ ይመለስላታል፤ ቢጫው ፈሳሽ፣ አንቲቦዲውን የተሸከመው ፕላዝማ፣ ከረጢት ውስጥ ይቀራል። ለእሷና ለልጇ ይህ ፈሳሽ መወገድ ያለበት መርዝ ነው። ለደም አገልግሎቱ ግን የአንቲ ዲ ጥሬ ዕቃ ነበር። ከረጢቱ ወደ ማምረቻው ሄደ። ፈቃዷን የጠየቃት የለም፤ ለምን እንደሚውልም አልተነገራትም። ከሃያ ዓመት በኋላ ጉዳዩን የመረመረው አጣሪ ጉባኤ ስሟን ደብቆ «ታካሚ ኤክስ» ብሎ ጠራት።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የታካሚ ኤክስ ዓይን ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ የምንለው መሆኑ ነው፤ ሐኪሞቹም ተላላፊ የጉበት ብግነት ብለው መዘገቡት። የደም አገልግሎቱ ይህን ሰምቷል። ናሙናዋ ለሄፓታይተስ ቢ ተመረመረ፤ የለባትም ተባለ። ፕላዝማዋ ግን መርፌ መሥሪያ ሆኖ ቀጠለ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። ሳይንሱ ገና ስለነበር ማን ምን ሊያውቅ ይችል ነበር የሚል ሰው አይጠፋም። በከፊል እውነት አለው፤ በ1976 ሄፓታይተስ ሲ የሚባል ስም አልነበረም። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1975፣ አሜሪካ ውስጥ ሃርቪ አልተርና ባልደረቦቹ ደም ከተሰጣቸው በኋላ ጉበታቸው ከሚታመም ሰዎች ብዙዎቹ ሄፓታይተስ ኤም ሄፓታይተስ ቢም እንደሌለባቸው አሳይተው ነበር። ሌላ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ የቢ ምርመራ «የለም» ማለቱ ቢ የለም ማለት እንጂ በሽታ የለም ማለት አልነበረም። የሴትዮዋ ዓይን ቢጫ ሆኗል፤ ወረቀቱ ግን ንጹህ ናት ይላል። የታመነው ወረቀቱ ነው።

በ1977 መርፌውን ከወሰዱ እናቶች አንዳንዶቹ እንዲሁ ቢጫ እንደሆኑ ለደም አገልግሎቱ ተነገረ። የደም ናሙናዎች ለንደን ወደሚገኘው ሚድልሴክስ ሆስፒታል ተላኩ። ያኔ በነበረው ምርመራ ምንም ስላልተገኘባቸው ናሙናዎቹ እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀሩ። እናቶቹም አብዛኞቹ ቢጫነቱ ሳይታይባቸው ልጃቸውን ታቅፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በነገራችን ላይ አየርላንድ ብቻዋን አይደለችም። በ1978 እና በ1979 ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ፣ ያው መርፌ፣ በተበከለ ፕላዝማ ተሠርቶ ከ2800 ለሚበልጡ ሴቶች ተሰጥቷል። የዚያ ሀገር ባለሥልጣናት ነገሩን ቶሎ ደርሰውበት ሰውም ከስሰውበታል፤ ሕዝብ እንዳይሰማው ግን ዳፈኑት። አንዱ ጋ ቸልታ፣ ሌላው ጋ ምስጢር።

ወደ ዋናው መንገድ እንመለስ። በ1989 ካይረን በተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ማይክል ሃውተን፣ ኩዊ-ሊም ቹ እና ጆርጅ ኩዎ ስም የለሹን በሽታ ያዙት። አያያዛቸው የሚገርም ነው፤ ቫይረሱን በማይክሮስኮፕ አላዩትም። በበሽታው ከተያዘ ቺምፓንዚ ደም የዘረ መል ቁርጥራጮችን አውጥተው፣ ከእነዚያ መካከል የታመመ ሰው አንቲቦዲ የሚያውቀውን አንዱን ለቅመው ነው የደረሱበት። ሄፓታይተስ ሲ ስም አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ የደም ምርመራ ተሠራለት። ሃውተን፣ አልተርና ቻርልስ ራይስ በ2020 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ነው። አየርላንድም ከኦክቶበር 1991 ጀምሮ ደም ለጋሾቿን ሁሉ ለሄፓታይተስ ሲ መመርመር ጀመረች።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ለንደን ውስጥ ማቀዝቀዣው ተከፈተ። የ1977ቱ ናሙናዎች በአዲሱ ምርመራ ሲታዩ ሄፓታይተስ ሲ ተገኘባቸው። ሚድልሴክስ ሆስፒታል ውጤቱን ለደብሊን አሳወቀ። መልሱ በጽሑፍ ደብሊን ደርሷል፤ ማን መርፌውን እንደወሰደ ማፈላለግ የሚቻልበት ቀን ያ ነበር። ማንም አልተነሣም። ከሁለት ዓመት በላይ እንዲሁ አለፈ። ይባስ ብሎ ከ1991 እስከ 1994 ባለው ጊዜ በሌላ ለጋሽ ፕላዝማ የተበከሉ መርፌዎችም ለእናቶች ተሰጥተዋል።

በሩን የከፈተችው በደቡብ አየርላንድ፣ በኮርክ ከተማ የደም አገልግሎቱን ቅርንጫፍ የምትመራው ዶክተር ጆን ፓወር ናት። የእሷ ሥራ ምርመራው ሄፓታይተስ ሲ ያገኘባቸውን ደም ለጋሾች መከታተል ነበር። ደም ለጋሽ ማለት ጤነኛ ነኝ ብሎ በራሱ እግር የመጣ ሰው ነው። እንደነዚህ ያሉት ሲያዙ የሚጠየቀው የታወቀ ነው፤ አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ ወስደሃል? ደም ተሰጥቶህ ያውቃል? ተነቅሰሃል? ከፊቷ ካሉት ሰዎች ብዙዎቹ ግን ልጆች ያሳደጉ የቤት እመቤቶች ናቸው። ለጥያቄው ሁሉ መልሳቸው «የለም» ነው።

መዝገቡ ላይ ግን ማንም ልብ የማይለው አንድ ዓምድ አለ፤ የደም ዓይነት። በደም ባንክ መዝገብ ላይ የደም ዓይነት መጻፉ ማንን ይገርማል? ፓወር ስታየው ሴቶቹ በብዛት አር ኤች ኔጌቲቭ ሆኑባት። እንደ ሀገሩ ስሌት ከመቶ 15 ያህል መሆን ሲገባቸው ከልክ በላይ በዝተዋል። ቫይረስ የደም ዓይነት አይመርጥም። ስለዚህ አር ኤች ኔጌቲቭ የሆነች ሴት ብቻ የምታገኘው፣ ሌላው የማያገኘው አንድ ነገር መኖር አለበት። እንደዚያ ያለ ነገር ደግሞ አንድ ነው፤ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው የአንቲ ዲ መርፌ። መቼ ነው የወለድሽው የሚለው ጥያቄ ሲጨመር መልሶቹ 1977 ዙሪያ ተሰበሰቡ።

እዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። አዲስ መሣሪያ አልተፈለሰፈም፤ አዲስ ናሙና አልተወሰደም። መልሱ ለዓመታት በራሱ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር።

ጥርጣሬውን ማስረጃ ያደረገው የዘረ መል ንጽጽር ነው። ሄፓታይተስ ሲ ሲራባ እየተሳሳተ የሚራባ ቫይረስ ነው፤ ከአንድ ዳዊት ተነሥተው ብዙ ጸሐፍት ሲገለብጡት በየቅጂው ስሕተት እንደሚገባና ስሕተቱን ተከትሎ ወደ እናት መጽሐፉ መመለስ እንደሚቻል፣ በየሴቶቹ ደም ውስጥ ያለው ቫይረስም ከአንድ ምንጭ መነሣቱን ለሚያውቅበት ይናገራል። ፓወርና የኤዲንብራ ተመራማሪዎች በ1995 በላንሴት መጽሔት ያወጡት ጥናት የሴቶቹ ቫይረስ ከ17 ዓመት በፊት ከተሰጠው መርፌ ጋር አንድ ዘር መሆኑን አሳየ።

ዜናው ለሕዝብ የወጣው ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1994 ነው። አንቲ ዲ የወሰዳችሁ ሁሉ ተመርመሩ ተባለ። ብዙ ሴቶች የሰሙት ከሐኪማቸው ሳይሆን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ነበር። ከ62 ሺህ በላይ ተመረመሩ። በ1999 የታተመው የኤሊዛቤት ኬኒ-ዎልሽ ጥናት ከእነዚህ ውስጥ 704ቱ ቫይረሱ እንደያዛቸው ወይም ይዟቸው እንደነበር ዘገበ። ቫይረሱ በምርመራው ጊዜም ደማቸው ውስጥ የተገኘው 390 ናቸው፤ የቀሩት ያለ ምንም መድኃኒት ራሳቸው አስወግደውታል።

ለሳይንስ ይህ ከዚያ በፊት ያልተገኘ ዕድል ነበር። በሄፓታይተስ ሲ የተያዘ ሰው መቼ እንደያዘው አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም፤ እነዚህ ሴቶች ግን የወለዱበትን ቀን ማን ይረሳል? በሽታው በ17 ዓመት የት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ በደንብ የተመለሰው በእነሱ ጉበት ነው። ከጉበታቸው ናሙና ከተወሰደ 363 ሴቶች 98 በመቶው ብግነት፣ ግማሾቹ ያህል ጠባሳ ነበረባቸው፤ ሲሮሲስ ደረጃ የደረሱት ግን 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። 66 በመቶው ይደክመናል ይሉ ነበር። ልጆች የምታሳድግ ሴት ደከመኝ ብትል ማን ይደነግጣል? ባሏም፣ ሐኪሟም፣ እሷም ራሷ ከቤት ሥራ ብዛት ነው ትላለች።

ከተያዙት አንዷ ዶኔጋል የምትኖረው ብሪጂድ ማኮል ነበረች። የ12 ልጆች እናት ናት። መርፌውን የወሰደችው በ1977 ነው። እውነቱ እንዲወጣ የደም አገልግሎቱንና መንግሥትን ከሰሰች፤ በሽታዋን ጎረቤት እንዳያውቅባት በተለዋጭ ስም ልከራከር ብላ ብትጠይቅ ፍርድ ቤቱ ከለከላት። በ1996 ችሎቱ ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው የደም አገልግሎቱ ጥፋቱን አምኖ ገንዘብ አቀረበ፤ ካሳ ይጨመርልኝ ብላ ተከራክራ ብትሸነፍ ደግሞ ወጪውን እንደሚጠይቃት በጠበቆቹ በኩል ጻፈላት። ያኔ በሞት አፋፍ ላይ ነበረች። ተስማማች፤ ኦክቶበር 2 ቀን ሞተች። ሞቷ ሀገሩን አስቆጣ፤ በቀድሞው የሀገሪቱ ዋና ዳኛ በቶማስ ፊንሌይ የሚመራ አጣሪ ጉባኤ ተቋቋመ። በማርች 1997 የወጣው ዘገባ የታካሚ ኤክስ ፕላዝማ ፈጽሞ ጥቅም ላይ መዋል እንዳልነበረበት፣ የ1991ዱም መልእክት ችላ መባሉ ከባድ ጥፋት መሆኑን ጻፈ።

የእነዚህን ሴቶች ጉዳይ አንሥቼ ስለ ነፍሰ ጡሮች ምርመራ ማውራት የፈለግሁበት ምክንያት አለ። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች ነፍሰ ጡርን ለሄፓታይተስ ሲ የሚመረምሩት ሲጠረጥሩ ብቻ ነበር። ዕፅ ወስደሻል? እስር ቤት ገብተሻል? እንዲህ ያለውን ጥያቄ አዎ ብላ የምትመልስ ሴት ስንት ናት? የአየርላንዷ እናት ደግሞ በእውነት «የለም» ብላ ታልፋለች። የእሷ አደጋ መውለዷ ነበር፤ በሽታውን የሰጣትም ሊያድናት የመጣ እጅ ነው። እንዲህ ያለውን የትኛውም መጠይቅ አያወጣውም።

አሜሪካ በ2020 መንገዷን ቀየረች። የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከሉ፣ ሲዲሲ የሚባለው፣ በሽታው ከ0.1 በመቶ በታች ከሆነበት ቦታ በስተቀር እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር በእያንዳንዱ እርግዝና ትመርመር አለ። ያጣደፈው ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ ወጣት ሴቶች መብዛታቸው ነው፤ ግን ምክሩ ዋሽንግተን ለምትወልደው ኢትዮጵያዊትም ይሠራል። ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ከመቶ 6 ያህሉ ወደ ልጃቸው ያስተላልፋሉ፤ ኤች አይ ቪ ሲጨመርበት ቁጥሩ ወደ 11 ይጠጋል። ስለዚህ አብዛኛው ሕፃን ነጻ ሆኖ ይወለዳል። በቀዶ ሕክምና መውለድ የተለየ ጥበቃ አይሰጥም፤ ጡት ማጥባትም የጡት ጫፍ ቆስሎ ካልደማ አይከለከልም።

የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በእርግዝና ወቅት የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት በመደበኛነት ስለማይሰጥ፣ ለማትታከም ሴት ጭንቀት ማውረስ ምን ይጠቅማል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዛሬ ያሉት እንክብሎች በ8 ወይም በ12 ሳምንት ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆነውን ሕመምተኛ ያድናሉ፤ ብሪጂድ ማኮል ይህን አላገኘችም። እናት ከወለደች በኋላ ትታከማለች፤ ልጇም ከተያዘ ከ3 ዓመቱ ጀምሮ የሚወስደው መድኃኒት አለ። ልጁን የሚፈልገው ግን መጀመሪያ የእናቱን ውጤት ያወቀ ሰው ብቻ ነው። ጤነኛ ወጣት ሴት ሳይታመማት ክንዷን ዘርግታ ደም የምትሰጥበት ሌላ ጊዜስ መቼ አለ?

እኛ ጋ የሚታየው አንድ ነገር ከአየርላንዱ ጋር ይመሳሰላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደም የምትለግስ ሴት ደሟ ለኤች አይ ቪ፣ ለቂጥኝ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ለሄፓታይተስ ሲ ይመረመራል። ያቺው ሴት ስታረግዝ በክትትሏ የደም ዓይነቷ፣ አር ኤቿ፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ ይታያሉ፤ ሲ ግን ብዙውን ጊዜ ከዝርዝሩ ውጭ ነው። ለማናውቀው ሰው የምንሰጠውን ደም ያህል ለእናቲቱ አንጠነቀቅም ማለት ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ይህን ያነበበች አር ኤች ኔጌቲቭ እናት የሾተላይ መርፌን እንዳትፈራ። ያኔ አየርላንድ ውስጥ የተሠራው መርፌ በአሠራሩ ቫይረስ የሚገድል ደረጃ ያልነበረው ነው፤ ዛሬ ለጋሾች ይመረመራሉ፣ ፕላዝማውም ቫይረስ እንዲጠፋበት ይደረጋል። ልጅን የሚያሳጣው መርፌውን አለመውሰድ ነው።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ነፍሰ ጡር ዘመድ ካለዎት፣ ክትትል በሚደረግበት ቦታ የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁ። የመጀመሪያው ምርመራ አንቲቦዲ አለ ካለ አይደንግጡ፤ አንቲቦዲ ቫይረሱ አንድ ጊዜ መግባቱን እንጂ አሁን መኖሩን አይናገርም፤ የቫይረሱ የራሱ ምርመራ፣ አር ኤን ኤ የሚባለው፣ እንዲሠራልዎት ይጠይቁ። ቫይረሱ ካለ ደግሞ ሕፃኑ ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜው በዚሁ ምርመራ ይታያል። በዚያ ዕድሜ የአንቲቦዲ ምርመራ አይረዳም፤ የእናቱ አንቲቦዲ እስከ 18 ወር ድረስ በልጁ ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላልና።